እኔን የማለት አመሌ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 5፣ 2015

ዛሬም አልኩት። መኪና ውስጥ «አልልም፣ አልልም» እያልኩ መጥቼ ያው አልኩት።

እግሬ የዴኒስ ጎን ላይ አረፈ። ቆንጆ ምት ነበር፤ ማስተር ታምራት ራሱ «አዎ!» ብሎ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ «እኔን!» አልኩ። ማለቱስ ባልከፋ፤ ግጥሚያውን ትቼ፣ እጄን አውርጄ፣ ተጠግቼ ጎኗን ማሸት ጀመርኩ። ዴኒስ ጎኗ እየታሸ በቡጢ ደረቴን አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ቁሙ ያለን ሰው አልነበረም።

ማስተር ታምራት ግንባሩን ይዞ መጣ። «እትዬ ሰናይት፣ ሊጥሏት ነው የመጡት ወይስ ሊጠይቋት?»

ይህ ልጅ የቴኳንዶ አስተማሪዬ ነው። ሎረንስቪል ውስጥ በጎማ ቤቱና በጥፍር ማሳመሪያ ቤቱ መሃል አንድ ሰፊ ክፍል ተከራይቶ ያስተምራል። ሠላሳ ቢሞላው ነው። እኔ አርባ ስምንት ነኝ፣ እናቱንም በደንብ አውቃታለሁ። ስለዚህ ክላስ ውስጥ እኔ ለሱ እጅ እነሳለሁ፣ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ እሱ ለኔ እጅ ይነሳል። አንቺ ሊለኝ ከቶ አይችልም። ሌላውን ተማሪ በእንግሊዝኛ እንደ ወታደር ይጮኽበታል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ቁጣው ሁሉ በእርስዎ ነው። «ይርገጡ እንጂ! ምን ይጠብቃሉ? እባክዎን ይርገጡ!»

ዴኒስ የካውንቲው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት። ዕድሜያችን አንድ ነው፣ የጀመርነውም አብረን ነው። ቴኳንዶ ላይ ሲመቱ መጮህ ግዴታ ነው፤ ሌላው ሰው «ኪያ!» ሲል እኔ «እኔን!» ስል ሰምታ የኢትዮጵያ የጦርነት ጩኸት መሰላት። በጣም ወደደችው። አሁን እሷም ስትመታ «ኢኔን!» ትላለች። ከሷ የሰሙት፣ አብረውን የሚማሩ ሁለት ጎረምሶችም ይላሉ። ማስተር ታምራት ያን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እውነቱን ንገራቸው ስለው «ሞራላቸውን አልነካም» ይለኛል።

እኔ ምን ላድርግ? እንዲህ ነው ያደግኩት። ሰው ሲወድቅ እኔን ይባላል። በድንጋይ ተደናቅፎ ይውደቅ፣ በኔ እግር ይውደቅ፣ አፌ አይለይም።

ቅዳሜ የጥቁር ቀበቶ ፈተና አለ። ከቴነሲ ግዛት አንድ አዛውንት ማስተር ሊፈትኑን ይመጣሉ። ማስተር ታምራት ዛሬ ሲሸኘኝ ድምፁ ልመና ነበር። «እሳቸው ፊት ግጥሚያ መሃል ከቆሙ ይጥሉዎታል። እኔም ምንም ላደርግልዎት አልችልም።»

የሚያስፈሩኝ ነገሮች፦ እንጨት መስበሩ። የቴነሲው ሰውዬ። የግራ ጉልበቴ። እማማ።

እማማ የባለቤቴ የግርማ እናት ናቸው። ለዘመን መለወጫ ከአዲስ አበባ መጥተው ስኔልቪል እኛ ቤት ናቸው። ግርማ «ምራትሽ ሰው መርገጥ ትማራለች» ማለት አፍሮ «ማታ ማታ የኮምፒውተር ኮርስ አላት» ብሏቸዋል። ዛሬ ጠዋት ደረጃውን እያነከስኩ ስወርድ ከታች ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ኮምፒውተር እንዲህ ያስነክሳል?» አሉኝ።

«መቀመጥ ሲበዛ ነው እማማ።»

አላመኑኝም። እኔም ብሆን ራሴን አላምንም።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዓይኔ! ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይኔ ነው።

ከመጀመሪያው። ሥራ ረጅም ነበር። ሚድታውን ያለው የፓርኪንግ ጋራዥ ዛሬ ኮንፈረንስ ስለነበረ መኪና ሲጎርፍ ዋለ፤ እኔም ቡዜ፣ ማለት ሒሳብ የምቀበልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መስኮቱን ስከፍት ስዘጋ። አንድ ሹፌር ሳያሳውቀኝ ድንገት እጁን ሲያስገባ ዘልዬ ተነሳሁ። ካርዱን ሊሰጠኝ ነበር፣ ምስኪን።

ያ ነገር አሁንም አልለቀቀኝም። ቴኳንዶ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰውዬ በዚያችው መስኮት እጁን አስገብቶ የአንገት ልብሴን ጨመደደ፣ ስልኬን ወሰደ፣ ሄደ። እኔ አልጮኽኩም፣ አልታገልኩም። ምን እንዳልኩት ለግርማ ብቻ ነው የነገርኩት፤ «ሶሪ ሰር» ነው ያልኩት። ለሌባ! ከዚያ በኋላ ጥላ ባየሁ ቁጥር ልቤ ድው ይል ጀመር። ግርማ ሥራውን ልቀቂ አለኝ፤ እንቢ አልኩ። አንድ ቀን ጎማ ላስቀይር ሎረንስቪል ሄጄ፣ እስኪያልቅ ስጠብቅ፣ በመስታወቱ ውስጥ የኔ ዕድሜ ሴቶች ትራስ የመሰለ ነገር ሲረግጡ አየሁ። ልጠይቅ ብዬ ገባሁ። ጎማው አለቀ፣ እኔ ግን ያው እስካሁን አልወጣሁም።

የዛሬው ክላስ ላይ ዴኒስ ስትዞር ክርኗ ግራ ዓይኔ ሥር ገባ። መብረቅ አየሁ። እና ምን አልኩ? «እኔን!» ክርኗን አሟት ይሆናል ብዬ።

ማስተር ታምራት መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ቤት ስገባ ዓይኔ ብርቱካን አክሏል። እማማ ሳሎን ነበሩ። አዩኝና ተነሱ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

ግርማ ሶፋው ላይ ነበር። እኔን አየ፣ ጣሪያ አየ። ከሱ ርዳታ እንደማላገኝ ገባኝና በአፌ የመጣውን አልኩ፦

«የመኪና በር መታኝ።»

የእማማ ፊት ተለወጠ። ቀስ ብለው ዞረው ልጃቸውን አዩት። ደግመው እኔን አዩኝ። ከዚያ ፍሪዘሩን ከፍተው የቀዘቀዘ አተር በፎጣ ጠቅልለው ዓይኔ ላይ አደረጉልኝ፣ እጃቸው ለስለስ ያለ ነበር። እራት ሲቀርብ ለኔ ሁለት ጭልፋ፣ ለግርማ የድስቱ ጥግ ደረሰው።

«እማዬ፣ ሥጋ የለውም እኮ የኔ» አለ ግርማ።

«ለአንተ ይበዛብሃል» አሉት።

ምን አስቀየማቸው እያለ ሲያሰላስል አመሸ።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 7

ዛሬ የሆነውን ጽፌ ካልጨረስኩ አልተኛም።

ከሥራ መጥቼ ድራይቭዌዩ ላይ ፓርክ ሳደርግ ግርማ በራፉ ላይ በካልሲ ቆሟል። የሊሞዚን ሹፌርነት ልብሱን ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል፣ ጫማ የለውም። ማዶ ያለው ጎረቤታችን ሣር ማጨዱን ትቶ ያየዋል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«እናቴ ቆልፋብኝ ነው። ሰናይት፣ በዣንጥላ መታችኝ! ጫማ ላደርግ ጎንበስ ስል ከኋላዬ መጥታ በዣንጥላ!»

ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በሩን ለማለፍ አንገቱን የሚሰብር ረጅም ሰው ነው። ሳቄ መጣ፣ ግን ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ከውስጥ የእማማ ድምፅ መጣ። «እጁን እስኪሰበስብ እዚያው ይቁም! አንቺ ግቢ ልጄ፣ እሱ እንዳይከተልሽ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። በቁሜ ላብ አጠመቀኝ። ዓይኔን የመታው ልጃቸው መስሏቸዋል!

ገባሁ። እማማ ዣንጥላውን እንደያዙ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም አወጣሁት።

«እማማ፣ በአምላክ፣ ግርማ ጣቱን አንስቶብኝ አያውቅም። የኮምፒውተር ኮርስ የሚባል ነገር የለም። ድብድብ ነው የምማረው።»

«ድብድብ? ከማን ጋር?»

«ከዴኒስ ጋር።»

ዓይናቸው ፈጠጠ። «ዴኒስ የሚባል ወንድ ደግሞ አለ?!»

«ሴት ናት! ሴት! የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ።»

«የአውቶቡስ ነጂ ትደበድብሻለች?»

«እኔም እደበድባታለሁ።»

ይህን ስል እንዴት እንደሚሰማ ለራሴም ተሰማኝ። እማማ ፀጉሬን ዳበስ አደረጉኝ፣ እንደ በሽተኛ።

«ይህን ሁሉ ያስጠናሽ እሱ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስሚኝ ልጄ። ታላቅ እህቴን ባሏ ቤት ሁልጊዜ በር ይመታት ነበር። አንዴ የጓዳው በር፣ አንዴ የቁም ሣጥኑ በር። እኛም ዝም ብለን በሩን ስናማ ኖርን። እናቴም፣ እኔም፣ ጎረቤቱም። ማንም ባሏን አንድ ቃል አልተናገረውም። እኔ ግን ማልኩ፤ ሁለተኛ በር መታኝ የምትል ሴት ካየሁ፣ የወለድኩትም ቢሆን አልምረውም ብዬ።»

ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። እጃቸውን ሳምኩ።

«እውነቴን ነው እማማ። ማስረጃ ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ነገ ይዘሽኝ ሂጂ። በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

ግርማ እንዲገባ ፈቀዱለት፣ ግን ዣንጥላውን አላስቀመጡትም። እሱም ሦስታችንን ያላየ መስሎ በግድግዳው ጥግ ጥግ ወደ መኝታ ቤት አለፈ። ሦስተኛው ዣንጥላው ነው።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 8

እማማ ለክላስ ጥለቱ ሰፊ የሆነውን ነጭ ቀሚስ ለበሱ፣ ነጠላ ደረቡ፣ ዣንጥላውን ያዙ። ዝናብ የለም። አልተናገርኩም።

እንደገባን ዴኒስ ብድግ አለች። ከራስ እስከ እግር ነጭ የለበሱ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ዘንግ የመሰለ ነገር የያዙ አዛውንት ስታይ የማስተሮች ሁሉ ማስተር ከኢትዮጵያ የመጡ መሰላት። እጇን ከጎኗ አጣብቃ እስከ ወገቧ ጎንበስ አለች። ሌሎቹ እሷን አይተው ተሰልፈው እጅ ነሱ። እማማ ምንም አልደነቃቸውም። «እግዜር ይስጣችሁ፣ ቀና በሉ» እያሉ በመሃላቸው አልፈው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«በሥርዓት የታነጹ ልጆች ናቸው» አሉኝ በጆሮዬ።

ማስተር ታምራት ሮጦ መጥቶ ትከሻቸውን ሳመ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ የት ሰፈር እንዳደገ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባ ተጠየቀ። ክላሱ ዘግይቶ ጀመረ።

ከዚያ እኔና ዴኒስ ገባን። የራስ መከላከያዬን ሳጠልቅ እማማን በጎን አየኋቸው፤ በሁለት እጃቸው ዣንጥላውን ጨብጠዋል።

ገና በመጀመሪያው የዴኒስ ሆድ ላይ አሳረፍኩ። «እኔን!» አልኩ። ዴኒስ መልሳ «ኢኔን!» ብላ ጭኔን አለችኝ። ከኋላ ጎረምሶቹ በርቱ ለማለት «ኢኔን! ኢኔን!» ይላሉ።

«እነዚህ ሁሉ አማርኛ ያውቃሉ?» አሉ እማማ።

እንደገና መታኋት፣ እንደገና አልኩ፣ እንደገና ቆምኩ። ዴኒስ ተጠቀመችበት፤ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ጣሪያውን እያየሁ ሳለ ከወንበሩ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«ምን ያስቆምሻል!»

እማማ ተነስተው ቆመዋል። ትናንት ተመታች ብለው ልጃቸውን በካልሲ ያስወጡት ሴትዮ! «ጀምረሽ መተው ምንድን ነው? ቆመሽ ስታዝኚላት እኮ ነው የጣለችሽ!»

«ይኸው ነው ችግሩ እማማ» አለ ማስተር ታምራት፣ ዳኛ ያገኘ ባለጉዳይ መስሎ። «እኔን ሳይሉ መምታት አይችሉም። እኔን ካሉ ደግሞ ይቆማሉ። ቅዳሜ ሊወድቁብኝ ነው።»

እማማ አሰቡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔን መባሉማ ደግ ነው፤ ሰው እየተመታ ዝም አይባልም» አሉ። «ግን መቺውም አዛኙም አንድ ሰው ሊሆን አይችልም። እኔ ምን እሠራለሁ እዚህ ተቀምጬ? አንቺ ምቺ። እኔን የምለው እኔ ነኝ።»

«እማማ፣ ተመልካች ግጥሚያ ላይ ድምፅ...»

«ዝም በል አንተ!»

ማስተር ታምራት ዝም አለ። በሁሉም ተማሪ ፊት። ጎረምሶቹ እንዲህ ያለ ነገር አይተው ስለማያውቁ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሞከርነው። መታሁ። አፌ ሊከፈት ሲል ከጎን «እኔን ልጄን!» የሚል ከኔ የጠነከረ ድምፅ መጣ። እንግዲህ ተብሏል አይደል? ሁለቴ አይባልም። እግሬ ቀጠለ። እንደገና መታሁ፣ እንደገና ተባለልኝ። እንዴት ቀለለኝ! ዴኒስ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስትል ግድግዳው አስቆማት። እስካሁን ግድግዳ ያስነካኋት ቀን የለም።

ሲያልቅ ዴኒስ እያለከለከች ይህ ቃል ግን ምን ማለት ነው አለችኝ። ከዚህ በላይ መደበቅ ነውር ሆነብኝና «በአንቺ ከሚደርስ በኔ ይድረስ ማለት ነው» አልኳት።

አፏን ከፍታ አየችኝ።

«እስካሁን ሰው በረገጥኩ ቁጥር ምቱን ለኔ አድርጉት እያልኩ ነበር?»

«አዎ።»

ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። እማማ አሟት መሰላቸውና እኔን አሏት።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 9

ልምምድ የለም። እረፉ ተብለናል። ማረፍ አልቻልኩም።

ሥራ ላይ ፎርሙን በሐሳቤ ስደግም ዋልኩ። ፎርም የሚሉት ያለ ተጋጣሚ የምናሳየው ተከታታይ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ነው። አንድ ቦታ ላይ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ የምዞረው ጠፋኝ። ቡዙ ውስጥ ተነስቼ ስዞር አንድ ደንበኛ መኪናውን እንዳቆመ ቆይቶ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ።

እማማ ከግርማ ጋር መታረቅ ፈልገው ሲዞሩት ዋሉ። ይቅርታ በቃል አይወጣቸውም። ብርቱካን ልጠው ሰጡት፤ በላ። ሌላ ላጡ፤ በላ። አራተኛው ላይ «እማዬ፣ በቃኝ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለ። «ማን ይቅርታ ጠየቀህ?» አሉት፣ አምስተኛውን እየላጡ።

በኋላ የቤታችን ጋራዥ ውስጥ የሶፋውን ትራስ ይዞልኝ ስረግጥ ግርማ ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። ያ ሰውዬ ስልኬን በወሰደ ሰሞን፣ ሊሞዚኑን ይዞ በምሠራበት ጋራዥ በኩል ያለ ሥራ ያልፍ ነበር። ቡዙ ውስጥ መኖሬን አይቶ ይሄዳል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈሪ ነህ እንዳትዪኝ ነዋ።»

ትራሱን ቀስ ብዬ ረገጥኩት። «ጠንከር አድርገሽ» አለኝ። ጠንከር አደረግኩ። ከነትራሱ የልብስ ማጠቢያው ላይ ተቀመጠ። ደህና ነኝ ይላል።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10

አለቀ። ውጤቱ ነገ በስልክ ነው። እጄ አብጧል፣ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት መስሏል።

የቴነሲው ማስተር ቀጭን፣ አጭር፣ ጨርሶ የማይስቁ ሽማግሌ ናቸው። ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው አንድ እርሳስ ብቻ ይዘዋል። ማስተር ታምራት ከኛ ይልቅ እሱ ፈርቶ ከንፈሩ ደርቋል።

ፎርሙ ላይ የፈራሁት ደረሰ። ሁሉም ወደ ቀኝ ሲዞር እኔ ወደ ግራ ዞርኩ፤ ከዴኒስ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥን። በዓይኗ «ዞር በይ» አለችኝ። ዞርኩ። ሽማግሌው እርሳሳቸውን አነሱ፣ ጻፉ። እናቴ ድረሽ!

እንጨቱ። ማስተር ታምራትና አንዱ ጎረምሳ ግራና ቀኝ ያዙልኝ። መታሁት፣ ነጠረ። እጄ ሳይሆን ልቤ ነው ያመመኝ። እንደገና መታሁት፣ ነጠረ። ግርማ ከኋላ ወንበር ላይ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ማስተር ታምራት ከእንጨቱ ኋላ ሆኖ በሹክሹክታ «እትዬ ሰናይት፣ እንጨቱን አይዘኑለት፣ የሞተ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ስስቅ ትከሻዬ ላላ። መታሁት፤ ቋ! ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ድምፁን ስሰማ ያጠፋሁ መስሎኝ ዞሬ የሰው ፊት አየሁ።

ከዚያ ግጥሚያ። እኔና ዴኒስ።

እማማ የፊተኛው መስመር ላይ፣ ልክ ከሽማግሌው ማስተር ጠረጴዛ ጎን ወንበራቸውን ስበው ተቀምጠዋል። ማንም ደፍሮ አልከለከላቸውም። ዴኒስ የአፍ መከላከያዋን እያስገባች ጠቀሰችኝ፤ ልትምረኝ እንዳልሆነ ገባኝ።

ጀመርን። ጎኗን አገኘሁት።

«እኔን ልጄን!» አሉ እማማ።

ሽማግሌው እርሳሳቸው ወደቀ።

ደረቷን አገኘሁ። «እኔን እናቴ!» እሷ ትከሻዬን አገኘች፤ ከእማማ በኩል ዝም። ለኔ አይባልም መሰለኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ። እንደገና ጎኗን መታሁ። «ኧረ እኔን! ይህች የሰው ልጅ!» ሽማግሌው ወደ ማስተር ታምራት ጠጋ ብለው ጠየቁት፣ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። «ሴትየዋን አሟቸዋል?»

«አይደለም ጌታዬ። ሐዘናቸውን እየገለጹ ነው።»

እኔ አልቆምኩም። ጥርሴን የአፍ መከላከያው ላይ ነክሼ፣ እኔን የሚለውን ሥራ ለባለቤቱ ትቼ ቀጠልኩ። ዴኒስም ቀጠለች፤ አንዴ ልትጥለኝ ደርሳ በአንድ እግሬ ሦስቴ ዘልዬ ተመለስኩ። መጨረሻ ላይ እሷ ወደ ፊት ስትገባ ዞሬ ረገጥኳት፤ እግሬ ደረት መከላከያዋ ላይ ጧ! ብሎ አረፈ፣ ዴኒስ በመቀመጫዋ ቁጭ አለች። አፌ እንደተዘጋ ነው። እንደተዘጋ!

እማማ ግን አልቻሉም። እኔን ማለቱ አልበቃ ብሏቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን እየጎተቱ ምንጣፉ ላይ ሮጠው ገቡ። ዴኒስን በብብቷ ይዘው አነሷት፣ ላቧን በነጠላቸው ጠረጉላት፣ ዞረውም እኔን «ጎበዝ!» አሉኝ። ግጥሚያው በዚያው አለቀ። የሚያስቀጥለው ሰው አልተገኘም።

ሽማግሌው ተነስተው ወደ እማማ መጡ። በማስተር ታምራት በኩል አነጋገሯቸው፤ «በሚቀጥለው ጊዜ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ የሚጮኹት ጆሮዬ ላይ ነው።» እማማ ትርጉሙን ሰምተው «እኔን፣ ጆሮውን አሞታል?» አሉ። ያን ማስተር ታምራት አልተረጎመውም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 11

የማያመኝ የጆሮዬ ጫፍ ብቻ ነው። ከአልጋ የወረድኩት ተንከባልዬ ነው።

ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ እማማ ጠፉብን። ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ሴቶች ተሰብስበው አየሁ፤ መሃላቸው እማማ በነጠላቸው የኔን የመጨረሻ ምት እየሠሩ ያሳያሉ። እግራቸው ከመሬት አንድ ስንዝር አልተነሳም፤ ድምፁን ግን በአፋቸው ሞሉት። «ጧ!» ግርማን ደግሞ እየጠቆሙ «ይኸውና ባሏ፣ ጠይቁት!» ይላሉ። ግርማ አንገቱን ነቀነቀ። ያለ ወትሮው ደረቱን ነፍቶ ነበር።

እኔ አፍሬ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ማስተር ታምራት ነው። አልፈናል፣ እኔም ዴኒስም። ፎርሙን ለሚቀጥለው ወር ደግሜ እንዳሳይ ታዟል። «አደራዎን፣ ወደ ቀኝ» አለኝ። ዴኒስ ወዲያው ደወለች፤ ሁለታችንም እኩል ስናወራ ምን እንደተባባልን አላውቅም።

ስልኩን ስዘጋ አንዲት ሴት መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። በዓይን እንጂ በስም አላውቃትም። ሁልጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆማ ማንንም ሳትሰናበት የምትሄድ ወጣት ናት። መስኮቱን አወረድኩት።

«እማማ የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ግማሹ እውነት ነው።»

አልሳቀችም። «ለጀማሪ ይከብዳል?»

«ስጀምር እግሬ ከጉልበቴ በላይ አይነሳም ነበር።»

ዞር ብላ ወደ አንድ መኪና አየች። ሞተሩ ተነስቷል፣ መሪው ላይ ያለው ሰው ይጠብቃታል። ልጠይቃት የፈለግኩት ብዙ ነበር። አልጠየቅኩም። ስልክ ቁጥሬን ነገርኳት፤ በቃሏ ደግማ ያዘችው፣ አልጻፈችውም። የጀማሪዎቹ ክላስ ማክሰኞ መሆኑን፣ እኔ መጥቼ ልወስዳት እንደምችል ነገርኳት። የሰፈሯን ስም ብቻ ነገረችኝና ሄደች።

እማማ ገብተው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር፣ አይተዋታል። ቤት ደርሰን ከመኪና ሲወርዱ «ማክሰኞ እኔም አለሁ» አሉ።

መጀመሪያ የገዛሁትን ነጩን የልምምድ ልብሴን ከሳጥን አውጥቼ አጠብኩት። ለሷ ይረዝማል፤ እግሩን አጥፌ እየሰፋሁ ነው። እስካሁን አልደወለችም። ትደውል እንደሆነ፣ ብትደውልም ትወጣ እንደሆነ አላውቅም። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ በሰፈሯ በኩል አልፋለሁ። መንገዴ አይደለም፤ ግን አልፋለሁ።